ጭቅና፣ ሽንጥ ወይስ ሪብአይ? ለስላሳ የበሬ ሥጋ ስትመርጡ

ከበሬ ብልቶች ሁሉ በልስላሴ ጭቅናን የሚያህል የለም። ሜኑ ላይ ፊሌ ወይም ፊሌቶ ተብሎ የምታገኙት ይሄው ነው። ዋጋውም ከሌላው ብልት ከፍ ያለ ነው። ከዚህ ተነስቶ ብዙ ሰው «ውድ ከሆነማ በጣዕምም በጤናም ይበልጣል» ብሎ ይደመድማል። እንደዚያ አይደለም። በጭቅና ላይ ተጨማሪ የምትከፍሉት ለልስላሴው ነው። በንጥረ ነገር ከሌላው ቀይ ሥጋ እምብዛም አይለይም። በጣዕም ደግሞ የሚበልጡት አሉ። ልስላሴው ግን እውነተኛ ነው፤ ለሚያስፈልገው ሰው ከዋጋው በላይ ነው።

ስለዚህ ምርጫው «የቱ ሥጋ ይሻላል?» በሚለው ጥያቄ አይፈታም። ማን ነው የሚበላው? እንዴት ነው የሚበስለው? ስብ ይፈለጋል ወይስ አይፈለግም? እነዚህ ሦስቱ ከተመለሱ ብልቱ ራሱ ይመጣል።

ልስላሴው ከየት መጣ

ጭቅና ከወገብ አከርካሪ በታች፣ በውስጥ በኩል ተጋድሞ እስከ ዳሌ የሚዘልቅ ረጅም ጡንቻ ነው። ከብቱ ሲሄድ፣ ሲነሳ፣ ጎንበስ ብሎ ሲግጥ ሥራው የሚበዛው በእግር፣ በትከሻና በአንገት ላይ ነው። ጭቅና ብዙ አይደክምም። ብዙ የሚደክም ጡንቻ ክሮቹን አጥብቆ የሚያስር ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ያበዛል። ጥርስ ላይ አልበጠስ የሚለው በዋናነት እሱ ነው። ጭቅና ውስጥ ኮላጅኑ ጥቂት ነው፤ የጡንቻው ክሮችም ደቃቅ ናቸው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ምክንያትም አለ። ከእርድ በኋላ ጡንቻ ይኮማተራል። በተኮማተረ ቁጥር ይጠነክራል። ከብቱ በኋላ እግሩ ሲሰቀል ግን አከርካሪው ሥር ያለው ይህ ጡንቻ ተወጥሮ ስለሚቆይ እንደልቡ መኮማተር አይችልም። የተፈጥሮው ልስላሴ በአሰቃቀሉ ይታገዛል ማለት ነው።

መጠኑ ደግሞ ትንሽ ነው። ከአንድ ከብት የሚወጣው ሁለት ብቻ ነው፤ አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ። ከትልቅ ከብት የወጣ አንድ ጭቅና ከነስቡ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቢመዝን ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ከታረደው ከብት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ይሆናሉ። ዋጋውን ሰማይ የሚያደርሰው ይሄ ነው። ፈላጊው ብዙ ነው፤ ሥጋው ትንሽ።

ከጎኑ የሚቆሙት

የቅርብ ጎረቤቱ ሽንጥ ነው። ሁለቱን የሚለያቸው የአከርካሪ አጥንት ነው። ጭቅና በውስጥ በኩል፣ ሽንጥ በውጭ በኩል ይተኛሉ። ቲቦን ስቴክ የሚባለውን አይታችሁ ከሆነ በመሀል የ«ቲ» ቅርጽ ያለው አጥንት አለ፤ በአንዱ በኩል ያለው ትልቁ ሥጋ ሽንጥ ነው፣ በሌላው በኩል ያለው ትንሹ ጭቅና። ፖርተርሃውስም አቆራረጡ ያው ነው። ልዩነቱ የጭቅናው ስፋት ነው። በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር መለኪያ ፖርተርሃውስ ለመባል ጭቅናው ቢያንስ 3.2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሊኖረው ይገባል፤ ለቲቦን 1.3 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ሁለቱን ብልቶች አንድ ላይ ቀምሶ ለማወዳደር ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም። አንድ አጥንት፣ አንድ እሳት፣ ሁለት ሥጋ።

ሽንጥ ላይ ክሮቹ በመጠኑ ጠንከር ያሉ ናቸው። ይታኘካል፤ ግን አያስቸግርም። ከዳር የሚሄድ የስብ ጠርዝ አለው። ያ ጠርዝ ሲጠበስ ይጣፍጣል፤ ስብ የማይፈልግ ደግሞ በቢላ አንስቶ ይተወዋል። ይህ ነገር ትልቅ ጥቅም ነው፤ ስቡ በቀዩ ውስጥ ስላልተበተነ መጠኑን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ።

ሪብአይ ወደ ፊት ከፍ ብሎ ከጎድን አጥንቶች በላይ ካለው የጀርባ ክፍል የሚወጣ ነው። ጮማ ወዳድ የሆነ ሰው መጨረሻው እዚህ ነው። በቀዩ መሀል ስቡ እንደ ጥልፍ ተበትኖ ይታያል። ሲሞቅ ይቀልጥና ሥጋውን ከውስጥ ያርሰዋል። በላይኛው ጠርዝ በኩል ቆብ መስሎ የሚዞር ቀጭን ጡንቻ አለ። ብዙ አብሳዮች ከበሬ ሥጋ ሁሉ ያን ቁራጭ ያስበልጣሉ፤ እኔም እዚያው ነኝ። ልስላሴው ወደ ጭቅና ይጠጋል፣ ጣዕሙ ግን ጥሎት ይሄዳል።

ብዙ ሰው የማያስታውሰው አራተኛ አለ፤ ከወርች የሚወጣው ፍላት አይረን። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ገደማ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአሜሪካ የኔብራስካና የፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የከብቱን ጡንቻዎች አንድ በአንድ ሲፈትሹ የትከሻው አንድ ጡንቻ በልስላሴ ከጭቅና ቀጥሎ ሁለተኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በፊት አብዛኛው ወደ ተፈጨ ሥጋ የሚሄድ ነበር። ችግሩ በመሀሉ የሚያልፍ ወፍራም ጅማት ነው። ጅማቱን ሥጋ ቆራጩ በጥንቃቄ ሲያወጣው ሁለት ጠፍጣፋ፣ በጣም ለስላሳ ቁራጭ ይቀራል። ከወርች ስለሆነ ዋጋው ከጭቅና ብዙ ዝቅ ይላል። ባለሙያ የሆነ ቆራጭ ካላችሁ ይህን ሳትጠይቁ አትለፉ። ያለ አግባብ የተረሳ ሥጋ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ከጭን የሚወጣ ድቡልቡል፣ ረጅም ጡንቻ አለ። ከሩቅ ሲታይ ጭቅና ይመስላል። ተቆርጦ ሳህን ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ክብ ስለሆነ ይበልጥ ይመሳሰላል። አንዳንዴም በጭቅና ስም ይሸጣል። መለየት ይቻላል። ጭቅና በአንድ በኩል ወፍራም፣ በሌላው በኩል እየቀጠነ የሚሄድ ነው፤ የጭኑ ሥጋ ከዳር እስከ ዳር ውፍረቱ ተቀራራቢ ነው። የተቆረጠውን ፊት ተመልከቱ። የጭኑ ክሮች ጎልተው ይታያሉ፤ የጭቅናው ደቃቅ ስለሆኑ ፊቱ ለስላሳ ነው። በጣት ጫን ስትሉት ጭቅና ወዲያው እሺ ይላል። የጭኑ ጠጠር ብሎ ይመልሳል።

በምግብነት ስንመዝናቸው

ስቡ የተነሳለት ጥሬ ጭቅና በ100 ግራም ወደ 22 ግራም ፕሮቲን፣ ከ6 እስከ 7 ግራም ስብና ወደ 150 ካሎሪ ይሰጣል። ጠርዙ የተነሳለት ሽንጥ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የጭኑ ድቡልቡል ሥጋ ስቡ ከሁሉም ያንሳል፤ ከ3 እስከ 4 ግራም ገደማ ነው። ሪብአይ ከነስቡ ሲመዘን ግን ስቡ ወደ 20 ግራም ይጠጋል፤ ካሎሪውም 250 አካባቢና ከዚያ በላይ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች ከብቱ በበላው መኖ፣ በዕድሜውና በአቆራረጡ ከፍና ዝቅ ይላሉ። ቅደም ተከተሉ ግን ብዙ ጊዜ አይለወጥም።

የበሰለ ሥጋ ቁጥር ስታዩ አትደናገጡ። ሥጋ ሲበስል ውሃውን እየለቀቀ ከክብደቱ ሩብ ያህል ያጣል። ስለዚህ 100 ግራም የበሰለ ጭቅና ከ27 እስከ 28 ግራም ፕሮቲን ይኖረዋል። ፕሮቲኑ ስለጨመረ አይደለም፤ ውሃው ስለሄደ ነው። ሁለት ብልቶችን ስታወዳድሩ ጥሬን ከጥሬ፣ የበሰለን ከበሰለ ጋር አስተያዩ።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ። የበሬ ሥጋ የሚመሰገንባቸው ነገሮች ብረት፣ ዚንክና ቫይታሚን ቢ12 ናቸው። አንድ አዋቂ ሰው በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም ቢ12 ይፈልጋል። ከ100 እስከ 150 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ከዚህ ትልቁን ድርሻ ይሸፍናል። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሥጋ ብረት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእህልና ከቅጠል ብረት በተሻለ ሁኔታ ሰውነት ውስጥ ይገባል። ሂም የሚባለው የብረት ዓይነት ከ15 እስከ 35 በመቶ ሊመጠጥ ይችላል። በዚያ ላይ ሥጋ ከጥራጥሬ ጋር ሲበላ የጥራጥሬውንም ብረት ያግዛል። ጥቂት ሥጋ ያለበት የምስር ምግብ የሚያስመሰግነው በዚህ ነው።

ግን ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ በጭቅና ብቻ የሚገኝ አይደለም። በወርችም በጭንም አለ። በብረትና በቢ12 በብልቶቹ መካከል ያለው ልዩነት አነስተኛ ነው። የደም ማነስ ያለበት ሰው «ሥጋ ብላ» ሲባል ከሁሉም ውዱን ብልት ካልገዛሁ ብሎ ሊጨነቅ አይገባም። በአንድ ጭቅና ዋጋ ብዙ የወርች ሥጋ ይገዛል፤ ለሳምንት ተከፋፍሎ ሲበላ ደግሞ ለሰውነት የሚሻለው እሱ ነው። ደግሞም ሥጋ ብቻውን አይበቃም። በወሊድ ዕድሜ ላይ ያለች ሴት በቀን 18 ሚሊ ግራም ብረት ትፈልጋለች፤ 100 ግራም የበሬ ሥጋ የሚሰጣት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ግራም አካባቢ ነው።

ትክክለኛው ልዩነት ያለው ስቡ ላይ ነው። ሳቹሬትድ የሚባለው፣ በክፍል ሙቀት የሚረጋው ስብ፣ በ100 ግራም ጥሬ ጭቅና ከ2.5 እስከ 3 ግራም ገደማ ነው። በሪብአይ ወደ 8 ግራም ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ዓይነቱ ስብ ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል፤ በ2000 ካሎሪ ስናሰላው 22 ግራም ገደማ ይሆናል። ስለዚህ 250 ግራም የሚመዝን ሪብአይ ብቻውን የቀኑን ድርሻ ሊጨርስ ምንም አይቀረውም። በዚህ መጠን የተቆረጠ ጭቅና ግን ከሲሶው ብዙም አያልፍም። ኮሌስትሮላቸውን የሚቆጣጠሩ ሰዎች ለስላሳ ስቴክ ሲያምራቸው ጭቅና ጥሩ መውጫ የሚሆናቸው ለዚህ ነው። ለስላሳም፣ ስቡ ያነሰም የሆነ ብልት ብዙ የለም። ሌላው ለስላሳ ሲሆን ስብ አለው፤ ስብ የሌለው ደግሞ ይጠነክራል።

ስቡ ማነሱ ግን ያለ ገደብ ለመብላት ፈቃድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እ.ኤ.አ. ቀይ ሥጋን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው ከሚገመቱት ጎራ መድቦታል። የዓለም የካንሰር ምርምር ፈንድ ደግሞ ቀይ ሥጋ የሚበላ ሰው በሳምንት ከ350 እስከ 500 ግራም የበሰለ ሥጋ እንዳያልፍ ይመክራል። ይህ ለጭቅናም ለሪብአይም እኩል ይሠራል። ሪህ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ከሐኪሙ ጋር ይነጋገርበት።

ጣዕም

እዚህ ላይ ጭቅና ይሸነፋል። የሥጋን ጣዕም በብዛት የሚሸከመው ስቡ ነው። ጭቅና ስብ ስለሚያንሰው ጣዕሙ የዋህ ነው፤ ለስለስ ያለ፣ ቅቤ ቅቤ የሚል፣ ግን አፍ ውስጥ ብዙ የማይቆይ። አብሳዮች ጭቅናን ብቻውን የማይተዉት ለዚህ ነው። ቅቤ ያፈሱበታል፣ በተከተፈ ቁንዶ በርበሬ ይሸፍኑታል፣ የእንጉዳይ ሶስ ያደርጉለታል። ቢፍ ዌሊንግተን የሚባለው ምግብ የሚሠራው ከጭቅና ነው፤ ሥጋው በደቀቀ እንጉዳይና በሊጥ ተጠቅልሎ ኦቨን ይገባል። ሪብአይን እንዲህ ብታደርጉት ስቡ ቀልጦ ሊጡን ያበላሸዋል። ጭቅና ግን የሌላውን ጣዕም ተቀብሎ ያስተናግዳል።

ለሪብአይ ጨው ብቻ ይበቃል። ለሽንጥም ጨውና ቁንዶ በርበሬ። ስለዚህ ምንም ሳይጨመርበት የሥጋ ጣዕም ለሚፈልግ ሰው ጭቅና አልመክርም። ጥሩ ሶስ መሥራት ለሚወድ ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ሥጋ የለም።

እሳት ላይ

ጭቅና የሚበላሸው በአብዛኛው ምጣድ ላይ ነው። ለዚህ ነው ይህን ክፍል ረዘም አድርጌ የምጽፈው።

በሥጋ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ሁሉም በአንድ ሙቀት አይበስሉም። ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጀምሮ ሚዮሲን የተባለው መርጋት ይጀምራል። ሥጋው ጥሬነቱ ይለቃል፣ ጭማቂው ግን እዚያው ነው። ከ66 ዲግሪ በላይ አክቲን የተባለው ሲረጋ ክሮቹ ይጨመቃሉ፤ ውሃው ይወጣል። ሪብአይ ላይ ይህ ሲደርስ የቀለጠው ስብ ጉዳቱን ይሸፍነዋል። ጭቅና የሚሸፍንለት የለም። ከ70 ዲግሪ ካለፈ ውድ ዋጋ የከፈላችሁበት ሥጋ ደረቅ ይሆናል።

ስለዚህ ቁርጥ ያለ ምክር ልስጣችሁ። ሥጋ በደንብ ካልበሰለ የማይበላ ቤተሰብ ካላችሁ ጭቅና አትግዙ። ሪብአይ ወይም ለረጅም ጊዜ የሚቀቀል ሥጋ ግዙ። ነውር የለውም። እያንዳንዱ ሰው በሚወደው አበሳሰል መብላት መብቱ ነው፤ ብልቱ ግን ከአበሳሰሉ ጋር ይሂድ።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ጭቅናው ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ወፍሮ ይቆረጥ። ቀጭን ከሆነ ውጪው ሳይቀላ ውስጡ አልፎበት ይገኛል። ጨው ከመጠበሱ ቢያንስ 40 ደቂቃ ቀደም ብሎ፣ ካልሆነም ልክ ምጣድ ላይ ሲወጣ ይነስነስ። በመሀል ያለው ጊዜ ጥሩ አይደለም፤ ጨው ያወጣው ውሃ ላዩ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ከዚያ ላዩን በንጹሕ የወጥ ቤት ወረቀት አድርቁት። እርጥብ ሥጋ አይቀላም፤ ምክንያቱም ያ ደስ የሚል ቡናማ ቅርፊት የሚመጣው ላዩ ከ140 ዲግሪ ገደማ በላይ ሲሞቅ ነው፣ ውሃ ያለበት ፊት ደግሞ ከ100 አያልፍም። ወፍራም ብረት መጥበሻ አግሉ። ዘይቱ መጨስ ሊጀምር ሲል ሥጋውን አስቀምጡ። አትነካኩት። ሲቀላ ራሱ ከብረቱ ይላቀቃል። ገልብጡት፣ እሳቱን ቀንሱ፣ ቅቤና የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት ጨምሩ፣ የቀለጠውን በማንኪያ እያነሳችሁ ላዩ ላይ አፍሱ።

«ላዩን መጥበስ ጭማቂውን ይዘጋል» የሚባለውን አትመኑ። አይዘጋም። ቅርፊቱ የሚጠቅመው ለጣዕም ነው፤ ጭማቂ የሚጠብቀው የውስጡ ሙቀት አለመብዛቱ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ የሥጋ ቴርሞሜትር ግዙ። ከአንድ ጊዜ ጭቅና ዋጋ አይበልጥም፤ ብዙ ጭቅና ያተርፍላችኋል።

መሀሉ ሮዝ ሆኖ ጭማቂ እንዲሆን ከ54 እስከ 57 ዲግሪ ብዙዎች የሚወዱት ነው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ለሙሉ ቁራጭ ሥጋ የሚመክረው ግን 63 ዲግሪና ከእሳት ከወረደ በኋላ 3 ደቂቃ ማቆየት ነው። ለተፈጨ ሥጋ 71 ዲግሪ። ለነፍሰ ጡር፣ ለሕፃን፣ ለአዛውንትና በሽታ የመከላከል አቅሙ ለደከመ ሰው ከ63 አትውረዱ። ደስ የሚለው፣ ጭቅና በ63 ዲግሪም ለስላሳ ነው። በቴርሞሜትሩ 63 መድረሱን አይታችሁ አውጡት፤ ከዚያ 3 ደቂቃ ይቆይ። ሲቆረጥ ክሮቹን አግድም አቋርጦ ይቆረጥ።

ለወጥና ለቅቅል ጭቅና አይሆንም። እዚያ የሚያስፈልገው ኮላጅን ነው። ከ70 ዲግሪ በላይ ባለ ለስላሳ እሳት ሁለት ሦስት ሰዓት ሲቆይ ኮላጅን ቀልጦ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ መረቁን የሚያወፍረው፣ ሥጋውንም በሹካ የሚያስበትነው እሱ ነው። ፍሪምባና የእግር ሥጋ በዚህ ጭቅናን ያስንቁታል። ጭቅና ሁለት ሰዓት ሲቀቀል የሚቀልጥ ነገር ስለሌለው ደረቅ ክር ብቻ ይቀራል። ማስፈጨትም እንዲሁ ብክነት ነው፤ መፍጫው ልስላሴውን ለማንኛውም ሥጋ በነጻ ይሰጠዋል።

ማን የቱን ይግዛ

ጥርሳቸው የደከመ ወላጆች ያሏችሁ፣ ጭቅና ግዙላቸው። ይህን ከልቤ ነው የምለው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች ጡንቻቸው እንዳይመነምን ፕሮቲን በደንብ ያስፈልጋቸዋል። ማኘክ ሲከብዳቸው ግን ሥጋ ይተዋሉ፤ ሳይናገሩ ነው የሚተዉት። ሳህናቸው ላይ ሥጋው ወደ ዳር ተገፍቶ ሲቀር ነው የሚታወቀው። 80 ወይም 100 ግራም ጭቅና በስሱ ተቆርጦ ሲቀርብላቸው የሚበሉት በደስታ ነው። ለሌላው ቤተሰብ ሽንጥ ይሁን።

ስብ ቀንሱ የተባለ፣ ግን ስቴክ የሚወድ ሰውም ጭቅና ይውሰድ። በጀቱ ካልፈቀደለት ጠርዙ የተነሳለት ሽንጥ ያው ነው። ስፖርት የሚሠራና ፕሮቲን የሚቆጥር ሰው የጭኑን ሥጋ በስሱ ከትፎ በፈጣን እሳት ይጥበሰው፤ ርካሽና ስቡ ያነሰ ነው፣ ለጭቅና የሚከፍልበት ምክንያት የለውም። ለጣዕም የሚበላ፣ በወር አንዴ ደህና ሥጋ የሚያምረው ሰው ሪብአይ። እንግዳ ጠርቶ የእንግዳውን ምርጫ የማያውቅ ሰው ጭቅና፤ የሚጠላው ሰው እምብዛም ነው።

ስትገዙ

ሙሉ ጭቅና ከነስቡና ከነሽፋኑ ሲሸጥ ዋጋው ርካሽ ይመስላል። ስሌቱን ሥሩት። ስቡ፣ ከጎኑ የሚሄደው ቀጭን የሥጋ ሰንሰለትና ነጩ ሽፋን ሲነሳ ከሩብ እስከ ሲሶ ይቀንሳል። 2.5 ኪሎ ገዝታችሁ 30 በመቶ ቢወጣ የሚቀራችሁ 1.75 ኪሎ ነው። ስለዚህ የኪሎው እውነተኛ ዋጋ የተነገራችሁን 1.4 እጥፍ ገደማ ይሆናል። የተጠረገው ከዚህ በታች ከተሸጠ የተጠረገውን ውሰዱ።

ነጩ፣ የሚያብረቀርቀው ሽፋን መነሳት አለበት። ኮላጅን በረጅም እሳት ይቀልጣል፤ ይህ ሽፋን ግን ኢላስቲን የሚባል ፕሮቲንም ስላለበት አይቀልጥም። ምጣድ ላይ ተኮማትሮ ሥጋውን ያጣምመዋል። የቀጭን ቢላ ጫፍ ከሥሩ አስገቡ፣ ስለቱን ወደ ላይ ወደ ሽፋኑ አዘንብሉ፣ ሽፋኑን በሌላው እጅ ወጥራችሁ ግፉ። ረጅም ሪባን ሆኖ ይወጣል፤ ቀዩ ሥጋ ቦታው ይቀራል።

ቀለሙ ቶሎ እንደሚጠቁር እወቁ። ጭቅና ከሽንጥ ቀድሞ ወደ ቡናማ ይሄዳል። የጡንቻው ባሕርይ ነው፤ ብቻውን የብልሽት ምልክት አይደለም። የሚያጣብቅ ከሆነ ወይም ሽታው ከተለወጠ ግን አትንኩት። ለብዙ ሳምንት በቅዝቃዜ ቆይቶ እንዲለሰልስ የተደረገ ነው ተብሎ ለጭቅና ተጨማሪ ዋጋ ሲጠየቅም አትክፈሉ። ሽንጥና ሪብአይ ከቆይታው ብዙ ያተርፋሉ። ጭቅና ድሮም ለስላሳ ነው።

ከሙሉው ጭቅና መሀሉ ለስቴክ ይሁን፤ ውፍረቱ እኩል ስለሆነ እኩል ይበስላል። ጅራቱ ቀጭን ነው። ወይ ወደ ውስጥ አጥፋችሁ በክር እሰሩት፣ ወይ ለይታችሁ በቃሪያና በሽንኩርት ለሚጠበስ ሥጋ ከትፉት፤ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ከጎኑ የወጣው የሥጋ ሰንሰለትም ስቡ ተጠርጎ ከዚሁ ጋር ይገባል። ፍሪጅ ውስጥ በ4 ዲግሪና ከዚያ በታች ከ3 እስከ 5 ቀን ይቆያል። ከዚያ በላይ የምታቆዩት ከሆነ ቁራጭ በቁራጭ አየር ሳይገባው ጠቅልላችሁ ፍሪዘር ክተቱት፤ ስታወጡት ደግሞ ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ፣ ጠረጴዛ ላይ አይሁን።